ዝይ የነከሰው ይደርሳል

ዝይ ነክሷችሁ ያውቃል? ካላወቀ ተመስገን በሉ። ዝይ እንደ ውሻ ነክሶ አይለቅም። ይይዝና እንደ ፒንሳ ያጣምማል፤ አጣምሞ ሲጨርስ ደግሞ ጥፋቱ የእናንተ ይመስል ይጮኽባችኋል። የኔ ጭን ላይ እስከ ዛሬ ጥቁር ምልክት አለ። ለሐኪም አሳይቼው «ምን ነካህ?» ሲለኝ አፍሬ በር ነው ብዬዋለሁ።

እንግዲህ ዝይ እንዴት ቤቴ እንደገባ ልንገራችሁ። እኔ ከደሴ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የአስፋልት ጉድጓድ ስደፍን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ለጡረተኛ ሁለት ነገር ይተርፈዋል፤ ጊዜና ምክር። ጊዜውን የሚሰርቀው የለም፣ ምክሩንም የሚሰማው የለም። ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ከውኃው ብዙም ሳይርቅ፣ ጥሩ ግቢ አለችኝ። አስካለ የምትባል ሚስት አለችኝ። አንድ ወንድ ልጅም አለኝ፤ ይርጋ ይባላል። ስሙን ያወጣሁለት ረግቶ እንዲኖርልኝ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ሀብታሙ የሚባል የታወቀ ድሃ አለ፤ ከሱ መማር ነበረብኝ።

ይርጋ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ጥቁር ካባውን ለብሶ ፎቶ ተነሥቶ መጣ። ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እሱም ከፎቶው ሥር ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ መንገድ፣ መንገድ ማለት ጀመረ። መንገድ ሲል እኔ ወገቤን ያጣሁበትን አስፋልት ማለቱ አይደለም። በኛ አገር ወጣት መንገድ ካለ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ፣ ዐረብ አገር የሚያደርሰውን ነው፤ ካደረሰ። ከሰፈራችን ብዙ ልጆች ሄደዋል። የደረሱት ይደውላሉ። ያልደረሱትን እናቶቻቸው «ስልኩ ተበላሽቶበት ነው» ይላሉ።

አስካለ እህል መብላት ተወች። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ልጅ አንድ ነገር ላይ እሰርልኝ» አለችኝ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ የኔ ልጅ ቆብ ስለሌለው መቅደድ የጀመረው እኛን ነበር። ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ከጡረተኛ ጭንቅላት የሚወጣው ወጣ፤ ዶሮ ያርባ አልኩ። ዶሮ ያለው ሰው ሩቅ አይሄድም። ማታ የሚዘጋው፣ ጠዋት የሚከፍተው በር አለበት። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ልጄን በዶሮ ልጥለው ነበር።

ይርጋ ተስማማ፤ የተስማማው ግን ከስልኩ ጋር ነው። እናቴ ዶሮ ስታረባ ያየሁትን ስነግረው፣ አንገቱን እንደ ደፋ፣ «አታውቅም አባዬ፣ እንደሱ ቀርቷል» ይለኛል። ስልኩ የመረጠለት የፈረንጅ ዶሮ ነበር፤ ሁሉም ነጭ። ቀለባቸው ከኛ ቀለብ ይበልጥ ነበር፤ አንዳንድ ቀን እኔም በዓይኔ እመኘዋለሁ። ዓመት በዓል ሲደርስ ተሸክመን ገበያ ወጣን። ያገሬ ሰው ዶሮ የሚገዛው በላባው ነው፤ ቀይ ይላል፣ ገብስማ ይላል። ነጭ ሲያይ አስታማሚ ይመስል ከንፈሩን ይመጥጣል። አንዲት ሴትዮ የአንዱን ደረት ጨብጣ፣ ክንፉን ገልጣ፣ ዓይኑን ከፍታ ካየች በኋላ «እግዜር ይማረው» ብላ መለሰችልኝ። ያልተሸጡትን ይዘን ተመለስን። ያልተሸጡት ማለት ሁሉም ናቸው።

በሳምንቱ ፈንግል ገባ። ፈንግል የዶሮ መቅሠፍት ነው፤ ጠዋት ያንቀላፋ ዶሮ ማታ የለም። ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ሎሚ ያለ አለ፣ ፌጦ ያለ አለ፣ አረቄ በውኃ ያለም አለ። ሎሚ የጠጡት ሞቱ፣ ፌጦ የጠጡትም ሞቱ፣ አረቄ የቀመሱት ደስ ብሏቸው ሞቱ። ይርጋ አፍንጫውን በመሐረብ አስሮ ሲቀብር ዋለ። አሁን በቃኝ ይላል፣ አሁን መንገድ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ አካፋውን ተደግፎ «ስሕተታችን ገብቶኛል፤ ዳክዬ ነው የሚያዋጣው፤ ዳክዬ በፈንግል አይሞትም» አለ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ሬሳ እያየሁ ደስ አለኝ። ዶሮው አልቆ ልጁ ቀረልኝ።

ዳክዬዎቹ ከኮምቦልቻ መጡ። ይርጋ በሳፋ ውኃ ሞላላቸውና ይኸው ገንዳችሁ አላቸው። ሐይቅ ዳር ላለ ዳክዬ ሳፋ ማቅረብ ሰርግ ቤት ደጃፍ ለቆመ ሰው ቆሎ እንደ መስጠት ነው። አንድ ጊዜ አንገታቸውን አስረዝመው ወደ ሐይቁ አዩ፤ በአጥሩ ሥር ሾለኩ፤ ሄዱ። ከዚያ በኋላ የልጄ ሥራ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ ቆሞ መለመን ሆነ። እነሱም ከሸንበቆው መሐል ብቅ ብለው ያዩትና ይመለሳሉ። አንዷ የአንድ ዓሣ አጥማጅ መረብ ውስጥ ገብታ ተገኘች። ሰውዬው አልሰጥም አለ። መረቤ ውስጥ የገባ የኔ ነው፤ ዓሣ መሆንና አለመሆን የራሱ ጉዳይ ነው ብሎ ተከራከረን። ይዟት ሄደ። በማግሥቱ ራሱ አመጣት፤ ሚስቱ ድስቴን አላረክስም ብላዋለች።

የዳክዬ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ማን ይበላታል? የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። እግሯን ወደ ብርሃን አንሥተው ጣቶቿን ፈለቀቁና «ይኸው፣ ጣቱ በቆዳ የተያያዘ ነው፤ አይበላም» አሉ። እሺ፣ እስላሙ ይገዛናል አልን። ጎረቤታችን እቴ ዘሀራ ሸሁን ጠይቃልን መጣች። እቴ ዘሀራ ባሏ የሞተባት፣ የልቧን የማትደብቅ፣ ከእኛ ጋር በአንድ አጥር ሃያ ዓመት የኖረች ሴት ናት። «ሐላል ነው ብለዋል» አለችኝ። «ግን የይርጋ አባት፣ እሳቸውም አይበሉት፣ እኔም አልበላው።» በዳክዬ ጉዳይ የሐይቅ ክርስቲያንና እስላም አንድ ቃል ሆነ።

አሁንም ልጁ አልሄደም። እንዲያውም እልህ ያዘው። በዚያው ሰሞን አንድ ሆቴል ሊዘጋ ነው ተባለ፤ ባለቤቱ ለጌጥ ያኖራቸውን ዝዮች በነፃ ውሰዱልኝ ብሎ ይርጋን አስጠራው። ሰው ነገር በነፃ ሲሰጣችሁ ለምን እንደሚሰጣችሁ ጠይቁት። እኛ አልጠየቅንም። ሆቴሉ የተዘጋው በማን ምክንያት እንደሆነ የገባኝ አውራው ዝይ ገና ከጋሪው እንደ ወረደ ጭኔን ሲይዘኝ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈራችን መንገድ የዝዮቹ ሆነ። ባጃጅ በኛ በር አላልፍ አለ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሄዱ አንድ አዛውንት መነኩሴ በመቋሚያቸው ሊከላከሉ ቢሞክሩ አውራው መቋሚያውን በጫፉ ይዞ ተጓተታቸው፤ አባ «ይቅር ይበልህ» ብለውት በሌላ መንገድ ሄዱ። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ከሰሱን፤ ሁለት ጊዜ ሲወጡ ተነከሱ። ይርጋን ብቻ አይነኩም። ሲቀመጥ ይከቡታል፣ ሲሄድ ተሰልፈው ይከተሉታል። ፈለፈሉም፤ ግቢው በጫጩት ተሞላ። እኔና አስካለ በገዛ ቤታችን ሽንት ቤት ለመሄድ ዱላ ይዘን እንወጣ ነበር። ግን አስካለ መብላት ጀምራ ነበር። ልጁ ማታ ማታ ስለ ዝይ ያወራል፤ ስለ መንገድ አያወራም። ለዚህ ለዚህማ ሌላኛው ጭኔም ይነከስ አልኩ።

አንድ ማለዳ የእቴ ዘሀራ የወንድም ልጅ ሰይድ አንዲት ፌስታል ይዞ ከአክስቱ ቤት ወጣ። መንገደኛ ነው። አውራው ከየት መጣ ሳይባል ባቱን ያዘው። ልጁ እያነከሰ ሄደ፤ እቴ ዘሀራ ለአንድ ሳምንት ሰላምታ ነፈገችን። ሲቆይ ሲቆይ፣ አንድ ቀን ፊቷ እንደ ዒድ ቀን በርቶ ገባች። ሰይድ ደውሏል፤ ደርሷል። አብረውት ከተነሡት እስካሁን ደረሰ የተባለው እሱ ብቻ ነው።

«ወላሂ የይርጋ አባት፣ ዝዩ ነው» አለች። «ክፉ ዕጣውን ነክሶ አወጣለት። እኔ ጃሂሏ ስሰድበው ከረምኩ፤ አውፍ በሉኝ።»

ሳቅን። ሳቃችንን ሳንጨርስ በማግሥቱ በሩ ተንኳኳ። አንዲት እናት ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር የምትሄድ ልጇን ይዛ ቆማለች። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ቸገረን፣ ትንሽ ቢነክሳት ብላ ለመነችን። እንግዳ ከበር አይመለስም፤ ግቡ አልናቸው። ሊቀ መናከሱ ያን ዕለት ምን እንደ ነካው አላውቅም፣ ልጅቷን አንድ ጊዜ ዞራትና የነጠላዋን ጫፍ መብላት ጀመረ። እናትየዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። ይርጋ ከኋላው ላባውን ሲጎትትበት ነው የልጅቷን ክርን የያዘው። ልጅቷ ጮኸች፣ እናቷ ተንበርክካ መሬት ሳመች፣ እኔም ሳላስበው አሜን አልኩ።

ዝይ የነከሰው ይደርሳል ተባለ። ወሬው ከሐይቅ ወጥቶ አምባሰል ገጠር ገባ። ማለዳ ማለዳ በራችን ላይ ሰልፍ ሆነ፤ ባጃጆቹም ተመለሱ፤ ሰው ይዘው ነዋ! ቀጥሎ ደግሞ ንክሻ አይበቃም የሚሉ መጡ። ሰው ሲታመም ዶሮ በራሱ ላይ አዙረው ጭዳ ያደርጉ የለ? ለመንገደኛ ደግሞ ዝይ ይሻላል አሉ። ዝይ በምድር ይሄዳል፣ በውኃ ይዋኛል፣ ክንፍም አለው፤ መንገደኛ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ክርክሩ ለኔም ትክክል መሰለኝ። ጭዳ ሆኖ የሚጣል ነገር ደግሞ አይበላም፤ የጣቱ ቆዳ ማንንም አያሳስብም። ችግሩ ዝይ ዶሮ አለመሆኑ ነው፤ ይከብዳል። አንድ አባት በልጁ ራስ ላይ ሦስቴ አዞራለሁ ብሎ በሁለተኛው ክንዱ ዛለና ዝዩ የልጁ ፊት ላይ ወደቀ። ልጁ አፍንጫው እየደማ፣ ተመርቆ ሄደ።

የንስሐ አባቴ በዚያው ሳምንት ባዕድ አምልኮ ነው ብለው ገሠጹ። ሸሁም ሺርክ ነው ብለው አስተማሩ። ያልሰማ የነበረው ሁሉ ከሁለቱ ሰማ። ገበያው ደራ። የንስሐ አባቴ እኅት ሻሽዋን ዝቅ አድርጋ በጓሮ በር መጥታ ለልጇ አንድ ወስዳለች፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው ዛሬ ለእናንተ ተናገርኩ።

ቤታችን ጠገበ። ልጄ ሥራ ያዘ ብዬ ቡና ቤት ተቀምጬ ጮክ ብዬ ማውራት ጀመርኩ። ለመንገደኞች መቀመጫ እንዲሆን በገዛ እጄ አግዳሚ ሠርቼ አጥር ሥር ተከልኩ። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው፤ አግዳሚው ላይ ምን እንደሚወራ አልጠየቅኩም። የሚሄዱት ልጆች ተራ እስኪደርሳቸው ቁጭ ብለው የትኛው ደላላ እንደማይከዳ፣ በረሃው ላይ ውኃ የት እንደሚገኝ፣ ጀልባው በየትኛው ወር እንደማይናወጥ ያወራሉ። ይርጋ ዝይ ታቅፎ መሐላቸው ተቀምጦ ይሰማል። ማታ ስንገናኝ እኔ ስንት ተሸጠ እላለሁ፤ እሱ እከሌ የት ደረሰ ይላል። ልጄን ከመንገድ ላስቀር ብዬ መንገዱን ግቢዬ ውስጥ አስገባሁት። ዶሮ ጭራ ጭራ የምትታረድበትን ካራ አወጣች አሉ።

አንድ ሐሙስ ፉርሽካ አልቋል፣ ደሴ ደርሼ ልምጣ አለ። ፉርሽካ አላለቀም ነበር። የትልቅ ጆንያ ግማሽ ዛሬም አለ።

ማታ አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። አስካለ አላለቀሰችም፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «ሐሙስ ጠዋት አውራው ፊት ቆሞ ክንዱን ሲሰጠው አይቼዋለሁ። አልነክስም አለው። በእግሩ ገፋው፤ ዝዩ ግን ተመልሶ እግሩ ሥር ይገባል። አንገቱን ይዞ ሲያንገላታው ነው መጨረሻ ላይ የነከሰው። የሚጫወት መሰለኝ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አግዳሚውን ነቅዬ ለማገዶ ፈለጥኩት። የሚመጡትን ዝዩ መንከስ ትቷል እያልኩ መለስኩ። አንዳንዶቹ እንኳ እኔን «ራስህ ንከስልን» ለማለት ምንም አልቀራቸውም፤ ፊቴን አይተው ነው የተዉት። የቀሩትን ዝዮች ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ ሰጠሁ። ለምን እንደምሰጥ የጠየቀኝ የለም። አውራውን ግን ልሰጠው አልቻልኩም። በር ላይ ቆሞ ወደ አስፋልቱ ያያል፤ ማንም ቢያልፍ አይጮኽም። እንዲበላልኝ ብዬ ደረቅ ሣር በእጄ አጎርሰው ጀመር፤ አንገቱ ሥር አበጠና በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከቀበርኩት በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም መንገድ ላይ አግኝቶኝ በቀላሉ ይድን እንደ ነበር፣ እንዴት እንደሚድንም ነገረኝ። እኔን መቼም መድኃኒት የሚነግሩኝ ከቀብር መልስ ነው።

ወራት ሄዱ። እቴ ዘሀራ በየቀኑ ብቅ እያለች «አብሽሩ፣ ዱዓ ላይ ነኝ» ትለናለች። አስካለ «ስልኩ ተበላሽቶበት ይሆናል» ማለት ጀመረች። ያን ቃል ከአፏ የሰማሁ ቀን ወደ ጓሮ ሄጄ ባዶው የዶሮ ቤት ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሌላ የምገባበት ቦታ አልታየኝም።

ከዚያ ደወለ። ደርሷል። አስካለ ስልኩን ስማ ስማ ስትጨርስ ተቀበልኳትና ሥራ አገኘህ ወይ አልኩት። አግኝቻለሁ አለ። ምን ሥራ አልኩት። ከኛ አገር የሄደ ልጅ እዚያ በግና ግመል ነው የሚጠብቀው፤ በግ ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«አትሳቅ አባዬ» አለ። «አንድ ሀብታም ግቢ ውስጥ ዝይና ዳክዬ ነው የምጠብቀው።»

አልሳቅኩም። ውኃ ከየት አገኙ ብቻ አልኩት። በረሃ መሐል ትልቅ ገንዳ ተቆፍሮላቸዋል፣ ዳሩ በሲሚንቶ ተሠርቷል፣ ሸንበቆ ሁሉ ተተክሎላቸዋል። ልጄ በረሃ አቋርጦ፣ ሞት ሰው የሚያጭድበትን ባሕር ተሻግሮ፣ ሐይቅ ዳር ቆሞ ዝይ ሊጠብቅ ሄደ። ሐይቁ እዚህም ነበር፣ ዝዩም ነበር። እዚያ ያለው፣ እዚህ የጠፋው ምን እንደሆነ እናንተ ከገባችሁ ንገሩኝ።

ባለፈው ወር ደግሞ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል።

«አባዬ፣ አንዷ ዝይ መብላት ትታለች፤ አንገቷ ሥር አብጧል። ሰውዬው በጣም ነው የሚወዳት። ከሞተች ለፖሊስ ሰጥቼ አገርህ አስጭንሃለሁ ብሎኛል። ምን ላድርግ?»

ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቀኝ በዕድሜው ይህ የመጀመሪያው ነው። አስካለ ጆሮዋን ከስልኩ አጣብቃ ትሰማለች። አየኋት፣ አየችኝ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ለመናገር ግን አፈርን። እኔ ልጄን እፈልገዋለሁ። ታስሮም ቢሆን፣ ባዶ እጁንም ቢሆን፣ በዚያ በር ሲገባ ማየት እፈልጋለሁ። የሚጠበቅብኝ አላውቅም ማለት ብቻ ነበር። ሲለኝ የኖረውም ይህንኑ ነው፤ አታውቅም አባዬ።

«ዘይት አለህ?» አልኩት።

አለ አለኝ። በማንኪያ ጉሮሮዋ ውስጥ ጠብ አድርግላት፤ ያበጠውን ከላይ ወደ ታች በቀስታ እሸው፤ እህልም ሣርም አታሳያት፤ ውኃ ብቻ ስጣት አልኩት። አስደገምኩት። አንድም ሳይሳሳት ደገመልኝ፤ ጎበዝ ተማሪ ነበር። «እሺ አባዬ፣ እሺ» እያለ ዘጋው።

በነጋታው ደወለ፤ ድናለች፣ እህል ቀምሳለች። አስካለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። በዚህ ግቢ ስንቱ ፊቴ ሲያልቅ አንዱን ማዳን ያቃተኝ ሰውዬ፣ ያችን አንዲቷን ባሕር ማዶ ድረስ በስልክ አዳንኳት።